ከግሸን መልስ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት እናት ነው። ወሬው ረዘም ያለ፣ መንገዱም ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነውና ረጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ስማቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ስም ማወቅ ግን ሰው ማወቅ አይደለምና ነገሩን ከሥሩ እንያዘው።

በ1928 ዓ.ም.፣ መስከረም 22 ቀን፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ ገባ። ወር ሳይሞላው፣ ጥቅምት ላይ፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በሰላሌ ምድር፣ ሸበል አቦ በምትባል መንደር አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች። የሰላሌን ጥቅምት ያያችሁት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ይጠራል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ ቤቱ ወተት በወተት ይሆናል፣ ማታ ማታ ግን ከገደሉ አፋፍ የሚነሣው ነፋስ ጋቢ ዘልቆ ይገባል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉትም ወደው አይደለም። ልጅቱን አበበች አሏት። አባቷ ገበሬ ነበር። እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ሞፈርና ቀንበሩን አስቀምጦ ዘመተ፤ ዘመተና በዚያው ቀረ። ልጁ አባቷን ሳታውቀው፣ እሱም ልጁን ሳይጠግባት አፈር ለበሰ።

ከዚያም እናቲቱ ያቺን ጨቅላ ታቅፋ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች፣ አበበችም በአያቶቿ ጉያ አደገች። ያ ዘመን ለሰላሌ ክፉ ዘመን ነበር። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ የግራዚያኒ ጦር የዚያው አገር የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳትንና ዲያቆናትን በመትረየስ ፈጀ፤ ልጅቱ ያኔ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። አባት የሌለው ልጅ፣ ባል የሌላት ሴት፣ ጧሪ የሌለው ሽማግሌ በየቤቱ ነበር። እሷም ከብዙዎቹ የሙት ልጆች አንዷ ነበረች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የሙት ልጅነትን ይህች ሴት ከሰው አፍ አልሰማችውም።

ዐሥር ዓመት ሲሆናት ዳሯት። ሰውየው በዕድሜ እጅግ የሚበልጣት ነበር። እሷን ማንም አልጠየቃትም፤ በዚያ ዘመን ልጅን ስለ ጋብቻዋ መጠየቅ ወግ አልነበረምና። ሽማግሌ ይላካል፣ ዳስ ይጣላል፣ ይበላል ይጠጣል፣ ከዚያም ልጅቱ የሰው ቤት ትገባለች፤ እልል ካሉት ሁሉ ክፉ የሠራ የመሰለው አልነበረም። አበበች ግን ሠርጉ ሳይውል ሳያድር ጠፍታ ወደ ቤተሰቦቿ መጣች። እነሱም መለሷት። ምን ያድርጉ፣ ቃል ሰጥተዋል፣ ጎረቤት አይቷል። ሰውየውም መልሳ እንዳትጠፋበት ሲመሽ በር ይዘጋባት ጀመር።

ከዚያም አንድ ሌሊት ይህች የዐሥር ዓመት ልጅ በሩ ተቆልፎባት ሳለ ቀና ብላ ጣራውን አየች፤ ጣራው ላይ ቀዳዳ አገኘች፣ ሾልካም ወጣች፣ ወረደችም፣ ጨለማውንም ሰንጥቃ ሄደች። እስቲ አስቡት። ጅብ የሚጮህበት ሌሊት ነው፣ ወደ ኋላ ቢሉ የሚመልሱ ዘመዶች ናቸው ያሉት፣ ወደ ፊት ቢሉ የሚያውቁት ሰው የለም። ከሰላሌ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ እግረኛ ያን ብርዳም አምባ አቋርጦ፣ የሱሉልታን ረግረግ ተሻግሮ፣ እንጦጦ ላይ ሲደርስ ነው ከተማዪቱን ከነጭሷና ከነባሕር ዛፏ ከበታቹ የሚያያት። ያቺ ልጅ አዲስ አበባ ገባች፣ የሚያስጠጋት ቤተሰብም አገኘች። አስጠጓት፣ አበሏት፣ ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል ቆጠረች። እነዚህ ሰዎች ለአንዲት የማያውቋት ልጅ በራቸውን ባይከፍቱ ኖሮ የዛሬው ወሬያችን እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ልጅቱ አደገች፣ ሥራ ያዘች፣ ትዳር መሠረተች፤ ራሷን የቻለች የቤት እመቤት ሆናለችና ከእንግዲህ እኔም አንቱ እላታለሁ። ወይዘሮ አበበች ጎበና ቡናና እህል ወደ ውጭ አገር በሚልክ ኩባንያ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኑ። የቡና መጋዘን የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሴቶቹ በመደዳ ተቀምጠው ፍሬውን በጣታቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ፣ ጥቁሩን፣ የነቀዘውን፣ የተሰበረውን ለብቻ ይለቅማሉ፤ ተቆጣጣሪዋ ከተለቀመው እፍኝ ዘግና፣ መዳፏ ላይ ዘርግታ፣ ወደ ብርሃኑ ዞር ብላ ታየዋለች። በዚያ ዘመን ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቆጠርላት ሴት ጥቂት ናት። ወይዘሮ አበበች ቤት አላቸው፣ ባል አላቸው፣ እንጀራ አላቸው። ከአብራካቸው የወጣ ልጅ ግን አልነበራቸውም። እንግዲህ ዕድሜያቸው አርባውን አልፎ፣ ኑሮ ረግቶላቸው ሳለ ነው ያ መንገድ የመጣው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1980 ነው። ወይዘሮ አበበች ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ተነሡ።

ግሸን ደብረ ከርቤ አምባሰል ውስጥ ያለች፣ ተፈጥሮ በመስቀል ቅርጽ የሠራት አምባ ናት። ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እዚያ እንዳረፈ ምእመኑ ከአባት ከአያቱ ተቀብሎ ያምናል፤ መስከረም 21 ቀን ክብረ በዓሏ ሲደርስ ከአራቱም ማዕዘን ይተማል። መንገዱን የሄደበት አይረሳውም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የደብረ ብርሃንን ቆፈን ያልፋል፣ ከዚያም ጣርማ በር ላይ ጣሊያን ተራራውን በስቶ የሠራው ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ ከዋሻው ሲወጣ አገሩ ከእግሩ ሥር ይከፈትና ደመናው ከበታቹ ሆኖ ያየዋል፤ ከዚያም በደብረ ሲና እየተጠማዘዘ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቅድም የደረበውን ጋቢ አውልቆ ላቡን ይጠርጋል፤ ከሚሴን አልፎ፣ ኮምቦልቻ ደርሶ፣ የደሴን ዳገት ወጥቶ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ደሴ ያድራል። ከዚያ ወዲያ ያለው የአምባሰል ገደል ነው። የበሶና የዳቦ ቆሎ ስንቁን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ «ኧረ አይዞህ፣ ደርሰሃል» እየተባባለ፣ ሽማግሌውን ወጣቱ እየደገፈ ይወጣዋል። ሲመለስም ጸበሏን በዕቃ ቀድቶ፣ እምነቷን በጨርቅ ቋጥሮ፣ ቤት ለቀረው በሽተኛና ለጎረቤቱ በረከት ይዞ ይመለሳል። ወይዘሮ አበበችም እንዲሁ በረከታቸውን ይዘው ነበር የተመለሱት።

ነገር ግን በዚያ ዓመት ወሎ ውስጥ ዝናቡ ከድቶ ነበር። የዘራው አልበቀለለትም፣ የበቀለለትም አልቆረጠም፤ ከብቱ አለቀ፣ ጎተራው ተጠረገ፣ ከዚያም ሰዉ ቤቱን ዘግቶ ወደ መኪናው መንገድ ወጣ። መኪና ባለበት ሰው አለ፣ ሰው ባለበት እህል አይጠፋም ብሎ ነው የተራበ ወደ መንገድ የሚወጣው። ወይዘሮ አበበች በኋላ ሲናገሩ፣ መንገዱ ዳርና ዳር የወደቀው ሰው ብዛት እግር ማሳረፊያ እስኪጠፋ ድረስ ነበር ብለዋል። የሞተ አለ፣ የሚያጣጥር አለ፣ ቀና ብሎ «ስለ እግዚአብሔር» ለማለት አቅም ያልጠፋውም አለ። የነበራቸው ዳቦና ጥቂት ሊትር ጸበል ብቻ ነው። ዳቦውን ቆረሱት፣ ጸበሉንም አጠጡት። ለበረከት ያመጡት ጸበል ውሃ ጥም ቆረጠ፤ ጸበል ከዚያ የበለጠ ሥራ ምን እንዳለው እኔ አላውቅም።

ከዚያም አንዲት ሴት አዩ። ጋደም ብላለች፤ የተኛች መሰለቻቸው። ጡቷ ላይ አንዲት ሕፃን ተለጥፋለች፣ ትስባለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ትስባለች። ቆመው አይዋት። ቀስ ብሎ ነው የገባቸው፤ እናቲቱ ሞታለች፣ ልጅቱ የምትጠባው የሬሳ ጡት ነው። አጠገቧ ሬሳ የሚሰበስብ ሰው ነበርና ለምን ልጅቱን እንደማያነሣት ጠየቁት። ሕፃኗም እስክትሞት እየጠበቀ እንደሆነ ነገራቸው። ክፉ ሰው ሆኖ አይመስለኝም፤ እናትን አንሥቶ ልጅን ብቻዋን መተው ሆዱ አልችል ብሎት፣ አብሮ ለመቅበር ይጠብቅ ይሆናል። ረሃብ ሰውን እዚህ ድረስ ያወርደዋል፤ በጎ አሳቡ እንኳ ሞትን መጠበቅ ይሆናል።

ወይዘሮ አበበች ጎንበስ አሉ፣ ሕፃኗን ከእናቷ ገላ ላይ አነሡ፣ በጨርቅ ጠቀለሏት፣ ይዘዋትም ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ነገሩ ይኸው ነው። ምክር አልተመከረበትም፣ ገንዘብ አልተመደበለትም፣ «ነገስ ምን ትበላለች» አልተባለም። ብዙ ሰው በዚያ መንገድ አልፏል፣ ብዙ ሰውም አልቅሷል፤ ማልቀስ ነውር አይደለም። እሳቸው ግን ጎንበስ አሉ።

ቤታቸው ገብተው አላረፉም፤ ምግብና ውሃ ይዘው ወደዚያው መንገድ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ደግሞ መንገድ ዳር ሊሞት የተቃረበ አንድ አባት አገኙ። እሱም እንደማይተርፍ ያውቃል፣ ልጁም እየሞተች እንደሆነ ያያል፤ ለራሱ ውሃ አልለመናቸውም፣ ልጁን እንዲያተርፉለት ብቻ ለመናቸው። ከዚያ ወዲያ እንዴት እምቢ ይባላል? ያችንም ልጅ ተቀበሉት።

እዚህ ላይ የዘመኑን ነገር ላስታውሳችሁ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዓመት አገሩን ካስቆጡት ነገሮች አንዱ የወሎ ረሃብ መደበቁ ነበር፤ ደርግም ያን ቁጣ ተንተርሶ ነው ወንበሩ ላይ የወጣው። ዓመታት አለፉና ያው ደርግ በተራው የወሎን ረሃብ የሚደብቅ ሆነ። መስከረም 1977 ዓ.ም. ዐሥረኛውን የአብዮት በዓል በሰልፍና በድግስ ሲያከብር ሰሜኑ ያልቅ ነበር፤ በጥቅምት የኮረም ረሃብተኞች ሥዕል በዓለም ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ ልብ ያለው ጥቂት ነበር። ወይዘሮ አበበች በዚያ መንገድ ላይ የነበሩት ከዚያ አራት ዓመት ያህል ቀደም ብለው ነው። መንግሥት ረሃቡ እንዲታወቅ ስለማይፈልግ የተራበ ልጅ ይዞ ከዚያ መውጣት ራሱ የሚያስጠይቅ ነበርና ልጆቹን «የኔ ናቸው» እያሉ በድብቅ አወጧቸው። የወሎ ልጆች መጀመሪያ የእሳቸው ልጆች የተባሉት በዚህ ዓይነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቃሉን ማጠፍ አልመጣም።

ዓመቱ ሳያልቅ ልጆቹ 21 ሆኑ።

ሃያ አንድ ልጅ በአንድ ቤት ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ አራት አምስት ያሳደጋችሁ እናቶች ከኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። የተራበ ሕፃን እንደ ደህና ልጅ አይመገብም፤ አንጀቱ ተጣብቋልና አጥሚቱ በማንኪያ ጫፍ፣ ጥቂት በጥቂት ነው። ትልቁ ሌሊት እየባነነ እናቱን ይጣራል። አንዱ ሲያገግም ሌላው ያስመልሰዋል። የበላው ደግሞ ከጠገበ በኋላ ቁራሽ ትራስ ሥር ይደብቃል፤ ረሃብን ያየ ልጅ ነገን አያምንም። ባለቤታቸው መጀመሪያ ላይ ደግፈዋቸው ነበር፤ በኋላ ግን ቤቱ ሞላ፣ ደመወዙ አልበቃ አለ፣ ትዳሩም ትዳር መሆኑ ቀረና «ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ» አሏቸው። እኔ እኚህን ሰው ለመውቀስ አልቸኩልም። ሚስት አገባሁ ብሎ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ራሱን ያገኘ ሰው ናቸው፤ ከመቶ ባል ዘጠና ዘጠኙ ከዚያ በፊት ይናገር ነበር። ወይዘሮ አበበችም መረጡ። ቤቱን ትተው፣ ዕቃውን አብዛኛውን ትተው፣ ልጆቹን አስከትለው ወጡ።

የገቡት ጫካ ውስጥ ያለች ጎጆ ነው። በዐሥር ዓመቷ በጣራ ቀዳዳ ሾልካ የወጣችው ልጅ በአርባ ምናምን ዓመቷ ደግሞ በገዛ ፈቃዷ ከሞቀ ቤቷ ወጣች፤ ልዩነቱ አሁን ብቻዋን አይደለችም፣ ከኋላዋ የልጅ መዓት ይከተላታል። ጌጣጌጣቸውን ሸጡ። እሱ ሲያልቅ እንጀራ እየጋገሩ፣ ጠጅ እየጣሉ መሸጥ ያዙ።

ጠጅ የጣለ ሰው ይፈርዳል፤ ማሩ በውሃ ይበጠበጣል፣ ጌሾው ይገባል፣ ከዚያም ቀን ተቆጥሮ ይጠበቃል፣ የቸኮለ ጠጅ ገዢ የለውም። እንጀራው ግን ጥበቃ የለውም፣ በየዕለቱ ነው። ሊጡ ከቀናት በፊት ይቦካል፣ ሌሊት አብሲት ይጣላል፣ ሳይነጋ ምጣዱ ይሰማል፤ ጋጋሪዋ በጭስ ዐይኗ እየቀላ ሊጡን ከዳር ወደ መሐል ታዞራለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች፣ ዐይን ዐይን ሲያወጣ በሰፌድ ታነሣለች። አሁን ያን የሚሸጥ እንጀራ ስታነሡ ሃያ አንድ ጥንድ ዐይን እጃችሁን ሲከተል አስቡት። የቱ ለገበያ፣ የቱ ለልጅ ይሁን? አብዝተው ቢያበሏቸው ነገ ጤፍ መግዣ የለም፤ አብዝተው ቢሸጡት የተነሡበት ነገር ቀረ። ይህን ስሌት በየማለዳው፣ ለዓመታት፣ ጎንበስ ብለው ምጣድ ላይ ሠሩት። ሰዎች የበጎ አድራጎት ሥራ ሲሉ የጉባኤ አዳራሽና ሪባን መቁረጥ ይታያቸዋል፤ እኔን ያ ጭስ ነው የሚታየኝ።

የትምህርት ቤት ክፍያ አልቻሉም። ስለዚህ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት መስደድ ሲያቅታቸው አስተማሪ ፈልገው ወደ ጎጆዋ አመጡ። ልጆቹም እዚያው ፊደል ቆጠሩ፤ እሳቸውም አንድ ቀን በሰው ቤት ተጠግተው ነበር የቆጠሩት።

ሌሎች ልጆችም መጡ። መንገድ ላይ የተጣለ ይመጣል፣ እናቱ የሞተችበት ይመጣል። እሳቸው በዚህ መሐል ከቢሮ ቢሮ እየተመላለሱ ለዓመታት ደጅ ጠኑ፤ የሚያሳድጉትን ልጅ በሕግ ለማሳደግ ወረቀት ያስፈልግ ነበርና። በመጨረሻ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1986 ወረቀቱን አገኙ፤ አበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበርም ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ የሚረዳም ተገኘ፣ በሩም ሰፋ። ከከተማው ወጣ ብሎ የእርሻ መሬት ገዙና ከልጆቹ ጋር አብረው እያረሱ፣ ያመረቱትን ለገበያ አወጡ። እጅ ተዘርግቶ ብቻ እንዳይቀር ፈልገው ነው። ከዚያም ልጅ ወላጅ አልባ የሚሆነው በረሃብ ብቻ እንዳልሆነ ያዩ ሰው ናቸውና ሥራቸው ከማሳደጊያው አጥር ወጣ፤ ድሃ በሚበዛባቸው የከተማዪቱ ሰፈሮች የውሃ ቦኖ አስተከሉ፣ መጸዳጃ ቤት አሠሩ፣ የጋራ ማብሰያ ቤት አቆሙ፣ ሴቶች ሙያ ተምረው በገዛ እጃቸው እንዲያድሩ አደረጉ። እናት በሕይወትና በሥራ ላይ ከቆየች ልጅ ማሳደጊያ አይገባም፤ አካሄዳቸው ይህ ነበር። ኤች አይ ቪ አገሩን ባረሰበት ዘመን ደግሞ በአንድ ቤት አባትም እናትም ተከታትለው ይሞቱና ልጆቹ ለጎረቤት ይቀሩ ነበር፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቤት ባይኖር ምን ይኮን እንደነበር የዚያ ዘመን ሰዎች ታውቃላችሁ። ማኅበሩ እንደሚለው በእሳቸው ቤት እጅ ያለፉት ወላጅ አልባ ልጆች ከ12,000 በላይ ናቸው፤ በልዩ ልዩ ሥራው የተጠቀመው ሰው ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ይበልጣል። ልጆቹ ሁሉ የሚጠሯቸው ግን በአንድ ስም ነው፣ እማዬ።

የውጭ ጋዜጦች «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» አሏቸው። ለክብር የተባለ ነውና ክፋት የለውም። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ማዘር ቴሬዛ መነኩሲት ነበሩ፤ ቤትና ትዳርን ቀድመው የተዉ፣ ከኋላቸውም ማኅበርና ቤተ ክርስቲያን የነበራቸው ሰው ናቸው። ወይዘሮ አበበች ባለ ትዳር፣ ባለ ደመወዝ፣ ባለ ቤት ነበሩ። የሚያጡት ነበራቸው፣ አውቀውም አጡት። የክብር ዶክተርነት ተሰጣቸው፣ ሽልማትም ተሸለሙ፤ ይገባቸዋል፣ እንዲያውም ያንሳቸዋል። ልጅ አለመውለዳቸውን ግን አንድም ቀን እንደ ጉድለት አልቆጠሩትም፤ ቤተሰባቸው ስፍር ቁጥር እንደሌለው ይናገሩ ነበር።

ከዚያም የመጨረሻው ክረምት መጣ። 2013 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት እንዴት ያለ ዓመት እንደነበር አትረሱትም፤ ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነው፣ ከተማው አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ይሄዳል፣ ኮሮና ሽማግሌና ባልቴት እየመረጠ ይወስዳል። ወይዘሮ አበበችም በዚሁ በሽታ ተይዘው በአዲስ አበባ ሆስፒታል ገቡ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆዩ። ሰኔ 14 ቀን አገሩ ምርጫ ወጣ፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሰኔ 27 ቀን፣ እሑድ፣ በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። ስንቱን ሕፃን ከሬሳ አጠገብ ያነሡ እጆች ተሰበሰቡ። በዚያ በሽታ ጊዜ ሐዘን እንኳ እንደ ወጉ አልነበረም፤ ለቀስተኛ ተቃቅፎ ማልቀስ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሲያቅፉ የኖሩ ሰው መተቃቀፍ በጠፋበት ዘመን ሄዱ።

እሳቸው ካረፉ ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ወደ ወሎ ተሻገረና ያ መንገድ እንደገና በሰው ተሞላ። ከቆቦ፣ ከወልዲያ፣ ልጁን ያዘለ፣ እናቱን የደገፈ ወደ ደሴ ጎረፈ፤ ትምህርት ቤቶቹ ክፍል ለክፍል ሰው ሞሉ፤ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ደሴ ራሷ ተፈናቀለች። በዚያ መንገድ ላይም ልጅ ከወላጁ ተለይቷል። ያኔም ጎንበስ ብለው የሰው ልጅ ያነሡ ሴቶች ነበሩ፤ የደሴና የኮምቦልቻ እናቶች ለማያውቁት ሰው ምጣዳቸውን ጥደዋል፣ ቤታቸውን ከፍተዋል። ስማቸውን የጻፈልን የለም። ስለ አንዲት እናት ላወጋችሁ ጀምሬ ወደ እነሱ የወጣሁት ወይዘሮ አበበች ራሳቸው ቢሆኑ ይህን እንድናገር የሚወዱ ስለሚመስለኝ ነው።

አሁን የቀረኝ ከመካከላችሁ ላሉት ለወይዘሮ አበበች ልጆች የምለው ነው። እናንተ በዚያች ጎጆና ከዚያ በኋላ በተሠራው ግቢ ያደጋችሁ፣ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱና በየአገሩ የተበተናችሁ፣ ራሳችሁም ልጅ የወለዳችሁ ሁሉ፣ ስለ እማዬ የምታውቁትን ጻፉ፣ መጻፍ ካልቻላችሁ ለሚጽፍ ንገሩ። ዓመተ ምሕረቱን፣ ሽልማቱን፣ የልጆቹን ቁጥር ሌላው ሰው ይጽፈዋል። ሲቆጡ ምን ይሉ እንደነበር፣ የታመመ ልጅ አጠገብ ሌሊቱን እንዴት እንዳነጉት፣ በዓል ሲደርስ ያን ሁሉ ልጅ እንዴት እንዳለበሱት፣ ከምጣዱ ላይ የመጀመሪያዋን እንጀራ ለማን ይሰጡ እንደነበር ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ዕድሜያችሁ እየገፋ ነው፤ ሳትዘገዩ ጻፉት።